የወናጎን አቧራ የለበሰች የጠፈር መርከብ

ለቅሶ ቤት የጠፈር መርከብ ክንፍ ይዛችሁ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገብቻለሁ። ያውም ይዤው ሳይሆን እጄ ላይ ተጣብቆብኝ። ዲላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። አንዳንዱ አብዷል ብሏል፣ አንዳንዱ ፋብሪካ ሊከፍት ነው ብሏል። እንግዲህ የተዛባውን ከሰው አፍ ከምትሰሙ እውነተኛውን ከባለጉዳዩ ብትሰሙት ይሻላል።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ብርጭቆ፣ ሳህንና ፔርሙስ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። አባታችን ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክሞ ዲላ የገባ ሰው ነበር፤ አላህ ይዘንለትና ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ለአንዱ ሱቅ አወረሰ፣ ለሌላው መንገድ። ሱቁ የደረሰኝ እኔ ነኝ። መንገዱ የደረሰው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሸምሱ ነው።

ጋሼ ሸምሱ ዕድሜውን የጨረሰው አይሱዙ ላይ ነው። ከኮንጋ ቡና ይጭናል፣ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ሲመለስ የእኔን ብርጭቆ ይጭናል። ያን ሁሉ ጎርባጣ መንገድ ሲመላለስ አንድም ቀን ብርጭቆ ሰብሮብኝ አያውቅም። እኔ ግን ከሱቁ በር እስከ መደርደሪያው ስሸከመው እሰብረዋለሁ። በቤታችን እጅ ማለት የጋሼ ሸምሱ እጅ ነበር።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ቁርስ ላይ እንደተቀመጠ ቀኝ ጎኑን ያዘው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጆቹ አግብተው ሐዋሳ ናቸው፤ ስለዚህ ወደ እኔ ቤት አመጣሁት። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፣ በዱላ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ ጀመረ። ምላሱማ ከሁሉ ቀድማ ነው የተመለሰችው። ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ቀረ።

የምታክመው ልጅ ለብቻዬ ጠርታ፣ “ጣቶቹን ያሠራቸው፤ አሁን ካልሠሩ በኋላ እንቢ ይላሉ” አለችኝ። እየጨበጠ እንዲለቀው የላስቲክ ኳስ ሰጠችው። “እኔ ሕፃን ነኝ?” አለና ለጎረቤት ድመት ወረወረላት። በግራ እጁ። ባለቤቴ ሙኒራ ደግሞ በዘዴ ትሪ ላይ ምስር አፍስሳ አቀረበችለት።

“ሙኒራ፣” አላት፣ “መሪ የያዘ እጅ ምስር አይለቅምም።”

“መሪውስ የት አለ ጋሼ?” ብላ ልትመልስ አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። መሪውን ሌላ ሹፌር ይዞታል። አይሱዙዋ ለሌላ ሰው ተሰጥታ በአስፋልቱ ስታልፍ ጋሼ ሸምሱ ጡሩምባዋን ያውቀዋል። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። የፈራሁት ለእጁ አይደለም፤ ወንድሜ ራሱ ከእጁ ጋር አብሮ እንዳይቀርብኝ ነው።

በዚህ መሃል ከመርካቶ ካስመጣሁት የፔርሙስ ካርቶን ውስጥ አንድ ያላዘዝኩት ሳጥን ወጣ። ክዳኑ ላይ በየጎኗ መድፍ የተደረደረባት፣ ከኋላዋ እሳት የምትተፋ፣ በከዋክብት መሃል የምትበር መርከብ ተሥላለች። ከፍቼ ባየው መርከብ የለም። ያለው እርስ በርሱ የተያያዘ የላስቲክ ፍርግርግ ነው፤ በየፍርግርጉ ላይ ጥቃቅን ቁራጭ ተሰክቷል። አንዳንዱ የምስር ፍሬ ያህላል።

ምስር! አልኩ በልቤ። ጋሼ ሸምሱ ምስር መሆኑን የማያውቀው ምስር!

ብልሃቴ ቀላል ነበር። ለሱቁ መስኮት ማስታወቂያ ትሆነኛለች ብዬ ሳሎን ውስጥ፣ እሱ ፊት ለፊት እሠራታለሁ። የማልችል መስዬ እንገዳገዳለሁ። እሱ ደግሞ ሥራ ሲበላሽ አይቶ ዝም የሚል ሰው ስላልሆነ “ወዲህ አምጣው!” ይለኛል። እንዲህ ብዬ አቀድኩ። ዕቅዱ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ የማልችል መምሰል አላስፈለገኝም።

መመሪያው በሥዕልና በማላውቀው የሩቅ ምሥራቅ ፊደል የተሞላ ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ ፈገግ ያለ ሰውዬ ቁራጩን ቆርጦ፣ ገጥሞ፣ ይዝናናል። የሰውዬው ፈገግታ እስካሁን ያናድደኛል። እኔ የመጀመሪያዋን ቁራጭ በሙኒራ የጥፍር መቁረጫ ስቆርጣት ጠቅ ብላ በረረች። መርከቧ ሳትበር ቁራጮቿ በረሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩልም እያፈሰስኩ ስለቅም፣ ሶፋ ሥር ተንበርክኬ ከረምኩ። አንዷን መድፍ በሌላ ቀን ምሳ ላይ ከጎመን ውስጥ በጥርሴ አገኘኋት።

“ወይኔ፣ ጎመኑ ድንጋይ አለው?” አለች ሙኒራ ደንግጣ።

“አይ፣ መድፍ ነው” አልኳት።

ጋሼ ሸምሱ ከጥጉ ሆኖ ያያል። ቀኝ እጁ ጋቢ ውስጥ ነው።

“ግራና ቀኙን አቀያይረህ ነው የገጠምከው” ይለኛል።

“እስቲ እንግዲያው አንተ ግጠመው ጋሼ።”

“ማስታወቂያ የምትፈልገው አንተ! የምገጥመው እኔ!”

አንድ ቀን ክንፏን በሱፐር ግሉ ላጣብቅ ተቀመጥኩ። ስትገጥሟት አጥብቃችሁ ያዙ ይላል ሥዕሉ። አጥብቄ ያዝኩ። ስለቅ ክንፏ አልለቀቀችኝም። ክንፏ ከመርከቧ ጋር መጣበቅ ሲገባት ከእኔ አውራ ጣትና መዳፍ ጋር ተጣብቃለች። ላላቅቃት ብል ቆዳዬ አብሮ ሊመጣ ነው። ይህን ስታገል ስልክ ተደወለ፤ ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ሀጂ ወንድም ሞቶባቸዋል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቧል፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። የሱቅ ጎረቤት ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ዲላ ላይ ሱቅ ከመዝጋት አይተናነስም።

ኮት ደርቤ እጅጌውን ወደ ታች ጎትቼ ሄድኩ። ክንፏ ስንዝር ታህላለች፤ ጫፏ ከእጅጌዬ ትወጣለች። ሰላም ለሚለኝ ሁሉ እጁን ምግብ እንደነካ ሰው አንጓዬን እየሰጠሁ፣ አንገቴን እየደፋሁ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ተገላገልኩ ስል ዱዓ ተጀመረ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። ለቅሶ ቤት ዱዓ ላይ አንድ እጅ ብቻ መዘርጋት እንዴት ይሆናል? እኔም ሁለቱንም ዘረጋሁ። ክንፏም አብራኝ ተዘረጋች።

አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ።

“ልጄ፣ እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?” አሉኝ በሹክሹክታ።

“ክንፍ ነው አባባ። የመርከብ። የጠፈር መርከብ።”

ትንሽ አሰቡ። “አላህ ያድርስህ” አሉና ዱዓቸውን ቀጠሉ።

ቤት ተመልሼ ይህን ስናገር ሙኒራ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። ጋሼ ሸምሱ አልሳቀም፤ ግን ዞር አለ። “ዘይት አሙቂና አምጪለት። ቀባ አድርገህ ቀስ እያልክ አዟዙረው፤ አትሳብ፣ አዟዙር” አለኝ። ብዙ ባይሆንም ከታመመ ጀምሮ ስለ በሽታው ያልሆነ ነገር ሲያዘን ያ የመጀመሪያው ነበር። ጣቴ ሲላቀቅ እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

መርከቧ በግድ በግድ መርከብ መሰለች። ቀጥሎ ሳጥኑ ላይ እንዳለችው መስኮቶቿ እንዲበሩ አሰብኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ለሠርግ ቤት ከሚሰቀለው ባለ ቀለም መብራት ላይ ጥቂት አምፖሎች ቆረጥኩ፤ ሆዷን በጋለ ሚስማር በሳሁና ገመዱን እንደ አንጀት ጠቅልዬ አስገባሁት፤ ጫፉን ካሮጌ ቻርጀር ጋር ቋጠርኩት። ለምረቃው ግድግዳ የምንጋራት ወይዘሮ አየለች ተጠራች። ወይዘሮ አየለች የገደብ ልጅ ናት፣ አማርኛ ስትናገር ወንዴና ሴቴ ይቀላቀልባታል፤ ድመቷን አስከትላ፣ አንድ ጥቅል ቆጮ በእጇ ይዛ ነው የምትገባው።

“እኔ የምለው፣” አለች መርከቧን እየዞረች፣ “ይሄ መርከቧ ውሃ የለም፣ ወዴት ሊሄድ ነው?”

“ወደ ሰማይ ነው የምትሄደው” አልኳት።

“ሰማይ ላይ መናኸሪያ አለ እንዴ?”

አሁን ልሰካ ስል መብራት ሄደ። ከተማችን በዚህ አታሳፍርም። ቆጮው አልቆ፣ ወሬው አልቆ፣ ልንበተን ስንል መጣ። እልል ተባለና ሰካሁት። መስኮቶቿ ለአንድ አፍታ ቦግ አሉ። እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም፤ ደግሞም ብዙ አላየሁትም፤ ጧ! ብሎ ቤቱ ጨለመ። የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ ቆጣሪ የምትጠቀመው የወይዘሮ አየለች ቤትም ጨለመ፤ ከእሷ የሚስበው ሻይ ቤትም ጨለመ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ኳስ እየታየ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ነበር አሉ። አጥር ላይ የወጣው ጩኸት የጎል ጩኸት አልነበረም።

“መርከቧ መብራቱን በላችው! የኔ አይደለም፣ የሱ ነው!” እያለች ወይዘሮ አየለች ከአጥር ወዲያ ላሉት አሳጣችኝ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የሚያስል መስሎኝ ነበር። የስልኬን መብራት ሳበራ ጋሼ ሸምሱ ነው፤ ይስቃል። የፊቱ ግማሽ ብቻ ነበር የሚስቀው፤ ግን ከልቡ ነው።

“አንተ ከንቱ፣” አለኝ እንባውን በግራ እጁ እየጠረገ፣ “የመኪና መብራት ከግድግዳ ይሰካል እንዴ? በባትሪ አድርገው!”

በባትሪ አደረግሁት፤ በራች። መስኮቶቿ ነጭ፣ ጭራዋ ቀይ። ጋሼ ሸምሱ በዱላው ተነሥቶ መጥቶ ዞራት፤ ጎንበስ ብሎ ከኋላ አያት።

“የኋላ መብራቷ ጥሩ ነው። ፍሬቻዋስ?”

“ጋሼ፣ ጠፈር ላይ ፍሬቻ ለማን ታሳያለች?”

“ከኋላህ ማን እንዳለ በምን ታውቃለህ?” አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። እጁ አሁንም ጋቢ ውስጥ ነው። ያቺን ማታ ደስታዬና ሐዘኔ ተቀላቀለብኝ። እያየ ነው፣ እየሳቀ ነው፣ እያዘዘኝ ነው፤ ግን አይነካትም።

ያን ሰሞን በስልኬ ስለ እንዲህ ዓይነት መርከቦች ማየት ጀምሬ ነበር። አንድ ፂማም ፈረንጅ እንደኔው ያለችውን መርከብ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ያላሰብኩትን ነገር አደረገ፤ አቆሸሻት። ጥላሸት ቀባት፣ ዝገት አስመሰለባት፣ አቧራ ነፋባት። ከዚያ አገላብጦ ሲያሳየን በእርግጥም የሆነ ቦታ ደርሳ የመጣች መሰለች። አዲስ መርከብ የትም አልሄደችም ማለት ነው፤ የቆሸሸችው ናት የምታምረው። ነገሩ ልቤን ነካው።

ግን የምንኖረው የት እንደሆነ አስቡት። እኛ እኮ ሶፋ ገዝተን ላስቲኩን ሳንገፍፍ ዓመት ሙሉ እየተንሸራተትን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ ያረጃል። ከሱቄ ብርጭቆ የሚገዙ ሰዎች ላዩ ላይ የተለጠፈችው የምልክት ወረቀት እንዳትነሣባቸው በእርጥብ ጨርቅ ዙሪያዋን ነው የሚያጥቡት። ሙኒራ የከሰል ዱቄት ስወቅጥ ባየችኝ ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ሰው አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ይደክማል፤ አንተ አዲሱን አሮጌ ልታደርግ ትወቅጣለህ?”

ወይዘሮ አየለችም ሰምታ መጣችና አንዴ መርከቧን፣ አንዴ እኔን አየች። “ሱቁ ተዳክሟል እንዴ?” አለቻት ለሙኒራ ቀስ ብላ። በማግስቱ ከወትሮው የበዛ ቆጮ ላከችልን።

ለጭስ ማውጫዋ የከሰል ዱቄት ሆነ፤ ለዘይት ፍንጣቂ የቡና አተላ ሆነ። አቧራ ግን እንደ ወናጎ መንገድ ዳር ያለ አልተገኘም፤ ቀይ ነው፣ ልም ነው፣ የያዘውን አይለቅም። ለደንበኛዬ ሳህን ላደርስ ሄጄ ስመለስ ሚኒባሱን አስቆምኩና በዱቄት ወተት ጣሳ እዛቅ ጀመር። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየኛል። አንዲት ሴትዮ “ለመድኃኒት ነው ወንድሜ?” አለችኝ። “ለመርከብ ነው” አልኳት። መስኮቱን ዘጋችው።

ያን አቧራ በወንፊት ነፍቼ መርከቧ ላይ ስበትን ጋሼ ሸምሱ ከሶፋው ዘሎ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ረጅም መንገድ የሄደች ትምሰል ብዬ ነው።”

“ረጅም መንገድ የሄደ መኪና ይታጠባል! እኔ ስንት ዘመን ስነዳ በአቧራ ዲላ ገብቼ አውቃለሁ? ወንዝ ዳር አቁሜ፣ ጎማውን ሳይቀር አጥቤ፣ እኔም ታጥቤ ነው የምገባው። ቆሻሻ መኪና ይዞ ከተማ የሚገባ ሹፌር፣ ሹፌር ነው?” ትንፋሽ አጠረውና ዐረፍ አለ። “አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ ሐዋሳ መሽቶብኝ ከነጭቃው አደረች። ጠዋት ብነሣ አንድ ጎረምሳ በጣቱ በሩ ላይ ‘እጠበኝ’ ብሎ ጽፎብኛል። በእኔ መኪና! ‘እጠበኝ’!”

ጎረምሳው ዛሬ የልጆች አባት ሳይሆን አይቀርም፤ ጋሼ ሸምሱ ግን እስካሁን ሊይዘው ይፈልጋል። እኔም ሆን ብዬ ጨመርኩበት። “ካልወደድከው ጨርቁ ያውና፣ አንተው እጠባት” አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞረ። በአፌ አፈርኩ፤ አቧራዬን አስተካክዬ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ማታ ስመለስ ክንፏ ላይ አንድ መስመር ተጋድሞ አገኘሁ። ቀንድ አውጣ የሄደበት ይመስላል፤ ጥቂት ይሄድና ይጠማዘዛል። ያን ያህል የለፋሁበትን አቧራ! ያቺ የወይዘሮ አየለች ድመት ናት አልኩ። እንደገና ነፋሁበት። በማግስቱ ሁለት መስመርና አንድ ቆልማማ ነገር። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ብዬ ወይዘሮ አየለችን በአጥር ላይ ወቀስኳት።

“የኔ ድመቱ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ነች!” ብላ በድመቷ ማለች።

እንደገና ነፋሁ። እንደገና ተሰመረ። በሩን ዘግቼ ብሄድም ተሰመረ። አሁን ሙኒራን ጠረጠርኩ፤ ስትወለውል እየነካካች ነው አልኩ።

“እኔ ያንተን አቧራ የምነካ ጤና አጣሁ?” አለችኝ። ግን ፊቷን ቶሎ መለሰች፤ የምትስቅም መሰለኝ።

ጋሼ ሸምሱንማ እንደ ምስክር ነበር የምጠይቀው። “ጋሼ፣ እዚሁ ነው የምትውለው፤ ማን ነው ይህን የሚያደርገው?”

“እኔ የመርከብ ዘበኛ ነኝ?” ይለኛል ወደ መስኮቱ እያየ። “አቧራውን ግን ዛሬ አሳስተኸዋል፤ ወፈር አድርገህ ንፋው።”

ወፈር አድርጌ ነፋሁ። እንዲህ ሆነን ሰነበትን፤ እኔ በጠዋት እነፋለሁ፣ አንድ ጠላቴ ቀን ይሰምራል፣ ማታ ቤቱን በንዝንዝ አምሳለሁ። ወደ ወናጎ የምሄደው ለንግድ ይሁን ለአቧራ እስኪጠፋኝ ድረስ ጣሳዬን ይዤ ተመላለስኩ።

አንድ ቀን ሱቅ በር ላይ ደርሼ ኪሴን ብፈትሽ ቁልፉ የለም። በባጃጅ ተመለስኩ። የግቢውን በር ገፍቼ በሳሎኑ መስኮት በኩል ሳልፍ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ። ዛሬስ ያዝኩሽ አልኩና ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ።

ጋሼ ሸምሱ ቆሟል። ዱላው መሬት ወድቋል። ደረቱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ የቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ ይዞታል። ቀኝ እጁ ከጋቢው ወጥቷል። ከእጁ ደግሞ አንዲት ጣት ተዘርግታለች፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ክንፏ ላይ ታርፋለች፣ ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ምላሱን በጥርሱ ነክሷል። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ገደል አፋፍ ላይ መኪና ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው እንዲያ ነው የሚጠነቀቀው።

ሦስት ፊደል ጽፎ ጨርሷል። አራተኛውን እየታገለው ነው።

አልገባሁም። መግባትም መሄድም አቅቶኝ መስኮቱ ሥር ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሙኒራ ከማድ ቤት ብቅ አለችና አየችኝ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ በሩ አመለከተችኝ፤ ሂድ ማለቷ ነው። ታውቅ ኖሯል! ቁልፉን በቀሚሷ ጫፍ ጠቅልላ አመጣችልኝና ጆሮዬ ሥር፣ “ድመት ፊደል አትቆጥርም ብዬ ስንቴ ልነግርህ ነበር፤ ጋሼ ‘ብትነግሪው አልጽፍም’ አሉኝ” አለችኝ።

ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አንዲት ደንበኛ የሻይ ብርጭቆ ጠየቀችኝ፤ ፔርሙስ አወረድኩላት። እያለቀስኩ ኖሯል። “የሞተብዎት ሰው አለ?” አለችኝ። የለም፣ አልኳት። የለም። ይህን ቃል ስናገር እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ማታ ስገባ ጋሼ ሸምሱ ቦታው ላይ ነው። እጁ ጋቢ ውስጥ ነው። ወደ መርከቧ ሄጄ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ አልኩ። ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ተንጋደው፣ የመጨረሻው ከክንፉ ሊወድቅ ሲል ተርፎ፣ ቆመዋል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

“እጠበኝ።”

ሙኒራ በማድ ቤቱ በር ብቅ አለች።

“ይህን የጻፈውን ጎረምሳ ብይዘው!” አልኩ።

“ብትይዘው ምን ታደርገዋለህ?” አለ ጋሼ ሸምሱ፤ ከጋቢው ውስጥ ቀኝ እጁን አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ሌባ ጣቱ እስከ ጥፍሩ ሥር በወናጎ አቧራ ቀልታለች።

እጁን ያዝኩት። ጣቱ ላይ አፈጠጥኩ። 

“ምን ታፈጥብኛለህ? እስከ ስንት ጊዜ ልጻፍልህ? ውሃ አምጣ!”

ሙኒራ ሳፋውን ቀድማ ይዛ ቆማለች። ጋሼ ሸምሱ ጨርቁን ቀኝ እጁ ላይ አስቀመጠና በግራው ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ ከዚያ ግራውን ለቀቀ። ጨርቁ ወደቀ። እንደገና አነሣ። ያዘ። ከአፍንጫዋ ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ከላይ ወደ ታች፣ የሹፌር አስተጣጠብ አጠባት። ያ ሁሉ ጥላሸቴ፣ ያ የቡና አተላ፣ ያቺ በስንት ልመና ያረጀችው መርከብ ሳፋው ውስጥ ቀይ ውሃ ሆኖ ቀረ። ውሃው ሆዷ ውስጥ ገብቶ መብራቱም ጭል ጭል ብሎ ጠፋ።

“መብራቷን አጠፋኸው እኮ ጋሼ” አልኩት።

“ምን ቸገረህ፣ ቀን እንነዳታለን” አለ። እየደከመው ነበር፤ ግን ጨርቁን እስኪጨምቀው አልቀመጥ አለ። ጨመቀው ማለት ይከብዳል፤ ጥቂት ጠብታ ነው የወጣው። እኛ ግን አየነው።

አሁን መርከቧ ሱቄ መስኮት ላይ አይደለችም፤ እዚያው ሳሎን ነች። ጠዋት ጠዋት አቆሽሻታለሁ፣ ቀን ታጥባ ትጠብቀኛለች። ወይዘሮ አየለች ተስፋ ቆርጣ ዝም ብላለች፤ “አንዱ ያቆሽሻል፣ አንዱ ያጥባል፣ ቤተሰቡ እንዲህ ነች” ትላለች ለጠየቃት። ያ ፂማም ፈረንጅ ሥራዬን ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል ጋሼ ሸምሱ ጠራኝ።

“ወናጎ ነህ?”

“አይ፣ ዛሬ ቡሌ ዕቃ አደርሳለሁ።”

“ጥሩ። ከዚያ ጭቃ አምጣልኝ። የወናጎው አቧራ አሁን ቶሎ ይለቅልኛል” አለና ጣሳውን አቀበለኝ። በቀኝ እጁ።